የታመመ አይቆጠርም

ሰኔ 18

ይድረስ ለሙጫዬ፣ የሙጫ ጢስ ለጎዳው ሳምባህም ጭምር፤

ሁለታችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን አንገቴ ድረስ ነው። ቶሎ ባለመጻፌ አትቀየመኝ። ከአንዱ የመኪና ውድድር ወደ ሌላው ስንንከራተት ሰነበትን፤ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው።

ጥያቄዎችህን ላንሳ። ለምን በስልክ አትጽፊልኝም ብለሃል። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ፍቅር የለውም። ወረቀት ግን ትራስህ ሥር ታደርገዋለህ፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የእህት እጅ ጽሑፍ ከኪኒን ይሻላል። አንተም በስልክ አትጻፍልኝ። በተለይ ሥራን የሚመለከት ነገር ከሆነ በጭራሽ። በወረቀት ይሁን፤ አድራሻውም የቤቴ ይሁን እንጂ የቢሮዬ አይሁን።

ደመወዜ ይቋረጣል ብለህ የፈራኸው በከንቱ ነው። አንድ ሳንቲም አይጎድልብህም። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለምን ይመስልሃል? ቡድናችን የውድድሩ ማኅበር በዓመት ከዚህ በላይ አታውጡ ብሎ ካወጣው የወጪ ጣሪያ እንዳያልፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ማን ስንት እንደሚበላ ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ደግሞ አለቃችን ራሱ ጠርቶኝ «ወንድምሽ በደንብ እስኪሻለው ይረፍ» አለኝ። ከዚያ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ደንግጬ ወንበር ፈለግሁ።

ስለ ቦታህም አታስብ። የመኪናው ክንፍ በሚሠራበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛህ ላይ አንዲት ባለሙያ ተቀምጣለች። ለጊዜው ነው። እጇ መጥፎ አይደለም፤ ያንተን ያህል ግን አይደለም። ሙጫ የጠጣውን የካርቦን ጨርቅ ቅርጽ ማውጫው ላይ ስታነጥፍ ምላሷን ታወጣለች፤ ብታያት ትስቃለህ።

አክስታችንን ሳምልኝ። ከእሷ ጋር ግን ክርክር አትግጠም፤ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ መቀሱ ወደ ምላሷ ተዛውሯል።

ቀስ ብለህ ዳን።

እህትህ


ሐምሌ 9

እትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አክስታችን ከእኔ ቀድማ አንብባዋለች። መቀሱ ያልሽው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ «ይቺ ልጅ ሹመት ከያዘች ወዲህ አፍ አወጣች» አለች። ሁለተኛ ሰው ማማት ሲያምርሽ ፖስታውን በደንብ አሽጊው።

አሁንም ያስልሃል ወይ ላልሽው፣ ሳሉ ለቆኛል። የመጣሁ ሰሞን ከአልጋዬ እስከ ቧንቧው ደርሼ ቆሜ አየር እለምን ነበር። ትናንት የአክስታችንን የስፌት መኪና ከነእግሩ ተሸክሜ ፎቅ አወጣሁላት። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «አየር በደንብ በሚወጣበት ቤት፣ ጭንብልህን አድርገህ ከሆነ ሥራህን መሥራት ትችላለህ» ብሎኛል። ወረቀቱንም ጽፎልኛል፤ ይኸው ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለአለቃው ስታሳዪው ፊቱን አይተሽ ንገሪኝ።

እሑድ እሑድ ውድድሩን የማየው ጎረቤታችን ጀልባ ሠሪው ቤት ነው። ጀልባ ሠሪው ሐይቁ ዳር ሼድ አለው፤ ስለ መኪና ምንም አያውቅም፣ ግን ተወዳዳሪያችን ጥርሶ አሸንፎ ያን ሁሉ ጥርሱን ባሳየ ቁጥር «ይሄ ሰው የጥርስ ሐኪም ነው እንዴ የሚከፍለው?» ይላል። ባለፈው ሳምንት ግን እኔ ያየሁት ጥርሶን አልነበረም። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣውን ጅራቱን ቡድን ነው ያየሁት። ያንን እኔና አንቺ መጀመሪያ የገባንበትን፣ ዝናብ ሲዘንብ መኪናውን በላስቲክ የምንሸፍንበትን ጋራዥ! አራተኛ ወጡ፣ እትዬ። አራተኛ! የጀልባ ሠሪው ሶፋ ላይ ቆሜ ስጮህ ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

ትዝ ይልሻል፣ በዚያ ጊዜ ጥርሶ አንድ ዙር ሙሉ ደርቦን ሲያልፍ እጁን ያውለበልብልን ነበር። አንቺ ማታ ጎማ ላይ ተቀምጠሽ «ለሁሉም እኩል የወጪ ጣሪያ ካልተደረገ ይሄ ውድድር አይደለም፣ የሀብታም ሰልፍ ነው» ትይ ነበር። እነሆ ያልሽው ሆነ። በአንቺ ኮራሁ።

ለመስከረሙ ውድድር እደርሳለሁ። ስለ ፊት ክንፉ ጫፍ አንድ ሐሳብ ይዞኛል፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስመጣ በእጄ አሳይሻለሁ።

ሙጫ


ሐምሌ 27

ሙጫዬ፤

ሁለት መስመር ብቻ ያላት የቁጣ ደብዳቤህ ደርሳኛለች። «ስለ መምጣቴ ለምን አትመልሺም? በጣሪያው አሁንም ታምኛለሽ ወይስ ማመን ተውሽ?» ነው ያልከው። ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ፤ ቀሚሴን ይዘህ ካልመለስኩልህ አትለቅም ነበር። ሙጫ የተባልከው በዚህ አይደል።

አምናለሁ። ቁጭ ብዬ ላስረዳህ። ድሮ እኛ ዘንድ በየውድድሩ አዲስ ክንፍ ይመጣ ነበር፤ ያልሠራው ወደ ቆሻሻ ይጣላል፣ ሌላ ይሠራል፣ ማንም አይጠይቅም። ጅራቱ ቡድን ግን በዓመት አንድ ክንፍ ሠርቶ፣ እሱኑ እየለጠፈ ይከርማል። አሁን ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ተወዳዳሪው መኪናውን ግድግዳ ላይ ቢያላትመው መጠገኛው ራሱ ከጣሪያው ይቀነሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ሦስቴ አስበን ነው የምንሠራው። ገንዘብ እኩል ሲሆን ጥሩ ሐሳብ ያለው ይቀድማል። አንደኛና መጨረሻ የሚወጡት ድሮ አይተያዩም ነበር፤ ዛሬ ጭስ ይቃመሳሉ። ይሄ ውሸት ነው?

አሁን ደግሞ የሚያስቅህን ልንገርህ። በጣሪያው ውስጥ የማይቆጠር ሰው አለ። የተወዳዳሪዎቹ ክፍያ አይቆጠርም፤ ጥርሶ የፈለገውን ይውሰድ። የሦስቱ ትልልቅ አለቆች ደመወዝ አይቆጠርም። እና የታመመ ሠራተኛ ደመወዝ አይቆጠርም። ይሄኛውን ያወጡት ቡድኖች ገንዘብ ለማዳን ብለው በሽተኛ እንዳያባርሩ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ደግ ሰው ነው ያሰበው።

አንተ ነገ ብትመጣ ግን ደመወዝህ ነገውኑ ይቆጠራል። በአንተ ቦታ የገባችው ባለሙያ የተቀጠረችው አንተ በለቀቅከው ቦታ ነው፤ ሁለታችሁን የሚችል ጣሪያ የለንም። ከሁለት አንዳችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ፈርማለች። ወንድሜን የማባረሪያ ወረቀት እኔ ልፈርም? እጄ ይቆረጥ። ወረቀትህን ያላሳየሁት ለዚህ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ከሐኪሙ ሌላ ጠይቅ፤ «ገና ክትትል ያስፈልገዋል» ቢልልህ በቂ ነው። አትዳን አላልኩህም። አትቸኩል ነው ያልኩህ።

አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ሙሉ ደመወዝ እየበሉ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ለስንት ሰው ይደርሳል?

እህትህ


ነሐሴ 20

እትዬ፤

አዎ፣ ወረቀቱን አምጥቻለሁ፤ እንዳልሽው «ክትትል ያስፈልገዋል» ይላል። ሐኪሙ ሲጽፍልኝ ቀና ብሎ «ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም» አለኝ። አፈርኩ። ለአንቺ ስል ነው ያፈርኩት፤ ይመዝገብልኝ።

ያቺን ያንቺን ሕግ ለአክስታችን ነገርኳት። «ዝነኛ፣ አለቃና በሽተኛ አይቆጠሩም» ስላት በሳቅ ፈረሰች። «ከሹማምንት ጋር ተሰለፍክ በለኛ!» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን አቁማ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ስለ ጣሪያው ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ የረሳሽው ነገር አለ። እናንተ ሕንፃውን፣ ትልቁን ምድጃ፣ ነፋስ የሚነፋበትን መሞከሪያ ክፍል ሁሉ የገነባችሁት ጣሪያው ሳይወጣ ነው። ሀብታሙ ቤቱን ሠርቶ ጨረሰና ቤት መሥራት ተከለከለ። ያም ሆኖ ጅራቱ ቡድን ደረሰባችሁ። በዚህ ደስ ይለኛል። የማይገባኝ ሌላው ነው፤ ገንዘብ ማፍሰስ ሲከለከል ሰው ማፍሰስ ጀመራችሁ።

ቀኑን በምን ታሳልፋለህ ብለሻል። እጄን እያፍታታሁ ነው። አንድ ነገር ልኬልሻለሁ፤ ይሄ ደብዳቤ ሲደርስሽ እሱም ይደርሳል፤ በቢሮሽ አድራሻ ነው የላኩት፣ ቤትሽ ቀን ቀን ሰው ስለማይኖር። የፊት ክንፍ ጫፍ ነው፤ ክንድ የምታህል ቁራጭ። የነገርኩሽ ሐሳብ ይኸው። ጫፉ ዘንድ እንደ ጆሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ነፋሱ ከዚያ ሲወጣ ጎማውን ሳይነካ ዞሮ ያልፋል። የት ሠራኸው እንዳትዪኝ። ጨርቁን በእጄ ነው ያነጠፍኩት፤ አንድ አረፋ የለበትም። ወደ ብርሃን ይዘሽ እዪው።

ለአለቃው አሳዪው። «ከዚህ ሰው እጅና ከጣሪያው የቱ ይበልጥብሃል?» በዪው። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል፣ እትዬ። አልቅሼ ነው ያሸግሁት።

ሙጫ


መስከረም 6

ሳላድር የጻፍኩልህ ከፍቅር እንዳይመስልህ።

አብደሃል? ጥቅልህን ዘበኛው በሰው ፊት ተሸክሞ ቢሮዬ አስገባው። ላኪ ተብሎ የአንተ ስም በትልቁ ተጽፎበታል! በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ለቡድኑ ክንፍ ሠርቶ ይልካል? ያልነገርኩህ ይሄን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጅልነት በሕልሜም አልመጣብኝም። የታመመ ሰው ለቡድኑ አንዲት ቀን ከሠራ የዓመቱ ደመወዙ ሙሉ ተመልሶ ይቆጠራል። ያ ከተቆጠረ ጣሪያውን አለፍን። ካለፍን ነጥብ ይቀነስብናል፣ ጥርሶ ዋንጫውን ያጣል፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ዓለም ስሜ አይነሳም። የማኅበሩ ተቆጣጣሪዎች የያንዳንዳችንን ስልክና ኮምፒውተር ገልብጠው ያነባሉ፤ ለምን በወረቀት እንደምጽፍልህ አሁን ይግባህ።

ክንፉን ቤቴ ወስጄ በመጋዝ ከአራት ቆረጥኩት፤ በየተለያየ ቦታ ጣልኩት። በሩን የከፈተልኝ ጎረቤት የሞተ ውሻ የምቀብር ነው የመሰለው።

ከመቁረጥሽ በፊት ወደ ብርሃን ይዘሽ አይተሽዋል ወይ ብለህ በስልክ ጠየቅኸኝ። በስልክ አትጠይቀኝ! መልሱ ግን፣ አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለአንተ ነው። ደመወዝህን፣ እረፍትህን፣ የእኔን ደህና እንቅልፍ በአንዲት ቁራጭ ካርቦን ልትጥል ነበር። ይቅርታ ጠይቀኝ፤ ከዚያ እታረቅሃለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 3

እትዬ፤

ለምን ዝም አልክ፣ ለምን ይቅርታህን አላክልኝም ብለሻል። ይኸው ምክንያቱ።

ያለፈውን ውድድር ጀልባ ሠሪው ቤት አየሁ። በመጨረሻው ዙር የጅራቱ ቡድን ልጅ ጥርሶን ሊያልፈው አፍንጫውን አስገብቶ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውድድር አላየሁም። መታጠፊያው ላይ ጥርሶ መሬት የያዘው ያህል ሳይንሸራተት ዞረ፣ ያኛው ተንሸራተተ፣ አለቀ። ከዚያ ያንን መታጠፊያ ደግመው አሳዩት፤ ካሜራው የፊት ክንፉን ቀረበው። ጫፉ እንደ ጆሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ጀልባ ሠሪው ጣቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጎ «ይሄ ያንተው አይደለም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? «አይ፣ የሚመስል ነው» አልኩት። እኔም ለአንቺ ስዋሽ ተገኘሁ።

አላየሁትም አልሽኝ። አይተሽ፣ ለክተሽ፣ ቀርጸሽ፣ ለዚያች ምላሷን ለምታወጣው ሰጥተሽ፣ ከዚያ ነው መጋዝ ያነሳሽው። እኔ አልቆጠርም፤ ሐሳቤ ግን ይቆጠራል፣ ለዚያውም በነጥብ። ባላውቅሽ ኖሮ ሌባ ብዬሽ እገላገል ነበር። አንቺ እኮ ነሽ ትምህርት ቤት ድረስ እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ። እናታችን በሕይወት ብትኖር ይሄን ደብዳቤ እንዴት እንደማነብላት አላውቅም።

እንግዲህ ስሚኝ። የጅራቱ ቡድን ኃላፊ ጽፎልኛል፤ ያ የድሮው ወፍራሙ ሰውዬ ነው፤ አልረሳኝም። «የክንፍ ጠረጴዛ ይጠብቅሃል፣ አዲስ የአየር ማውጫ አስገብተናል፣ ና» ብሏል። ከቀድሞ ቀጣሪዬ አንድ ቃል ብቻ ይፈልጋሉ፤ ጤነኛ መሆኔን። በመሳቢያሽ ያለውን የመጀመሪያውን የሐኪም ወረቀት ላኪላቸው። ሥራዬን መልሺልኝ፤ ለቀረው ሁሉ ምሬሻለሁ። ሌላ ነገር አልለምንሽም፣ ለዘላለሙ አልለምንሽም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ሙጫዬ፤

አዎ፣ አይቼዋለሁ። ወደ ብርሃን ይዤ ነው ያየሁት። አንድ አረፋ የለውም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አቅፌው ቆየሁ። ከዚያ ለካሁት።

ለጅራቱ ቡድን ጽፌላቸዋለሁ። የላክሁላቸው ግን ሁለተኛውን ወረቀት ነው፣ «ክትትል ያስፈልገዋል» የሚለውን። ሳምባህ በሙጫ ጢስ እንደተጎዳ፣ እነሱ ጋ ቢብስብህ ተጠያቂው እነሱ እንደሚሆኑ አስረዳኋቸው። ወፍራሙ ሰውዬ ደንግጦ በማግሥቱ መለሰልኝ፤ «እግዜር ይማረው፤ ይቅርብን» ይላል። ከእሱ ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

ለምን ትለኛለህ። ልንገርህና ጥላኝ። አንተ እነሱ ጋ ብትገባ ክረምቱ ሳይመጣ ይቀድሙናል። ድሮ አንድ ዙር ሙሉ እንቀድም በነበረ ጊዜ ብትጠይቀኝ ስሜህ በገዛ እጄ እሸኝህ ነበር፤ ምንም አንሆንማ። ያኔ ቸር መሆን ይቻል ነበር። አሁን ልዩነቱ የአንድ እጅ ሥራ ነው፣ ያውም የአንተ እጅ። አንተ አይደለህ ሶፋ ላይ ቆመህ የጮህከው? የተቀራረበ ውድድር ይሄን ይመስላል። ሁሉም እኩል ሲሆን ማንም ለማንም የሚተርፈው የለም።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዳትለኝ። እንደ ወርቅ ስለምቆጥርህ ነው የማልለቅህ።

አሁን ወደ አስቸኳዩ። ሌላ ቡድን ከሶናል፤ «በሽተኞቻቸው ጤነኞች ናቸው» ብሎ። ተቆጣጣሪዎቹ ሐኪም ይዘው በሕመም ፈቃድ ያሉትን ሁሉ በየቤታቸው ሊጠይቁ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንተ ጋ ይደርሳሉ። ጢምህን አትላጭ። ልብስህን ለብሰህ ሳይሆን አልጋ ውስጥ ሆነህ ተቀበላቸው። ደረጃ አትውጣ፣ ከተጠየቅህ በአጭሩ መልስ፣ በየመሀሉ አስል። ስለ ክንፍ ከጠየቁህ አታውቅም። የምለምንህ እኔ ነኝ አሁን። ከወደቅሁ ሁለታችንም ነን የምንወድቀው፤ የአንተም ደመወዝ ያኔ ያበቃል።

እህትህ


ኅዳር 4

እትዬ፤

«ከየት ተማርከው? ሐኪማቸው እኮ ከአንተ ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር አሉ፤ ተዋናይ መሆን ነበረብህ!» ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። ሁለት መስመር ስትስቂ ይሰማኛል። እስቲ ሳቅሽን ትንሽ ያዢው።

አልተወንኩም።

ያንን ቁራጭ ክንፍ የሠራሁት ጀልባ ሠሪው ሼድ ውስጥ ነው። እሱ ርካሽ የጀልባ ሙጫ ነው ያለው፤ ከእኛው የከፋ ይጨሳል። የሐይቁ ነፋስ አቧራ እያመጣ እርጥቡ ጨርቅ ላይ እንዳይደፋብኝ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ ነበር። በዚያ ጊዜ ትንሽ ሳል ጀመረኝ፤ ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ ለአክስታችን ብርድ ነው አልኳት። ቀን ይፈጃል እንጂ ይለቀኝ ነበር፤ ለቆኝም ነበር።

ከዚያ አንቺ ለጅራቱ ቡድን ጻፍሽ። ወፍራሙ ሰውዬ ይቅርብን ሲለኝ አእምሮዬን ሳትኩ። ሙሉ ክንፍ ሠርቼ፣ ራሴ ተሸክሜ፣ በራቸው ላይ ላቆመው ቆረጥኩ። «በሽተኛ ይሄን ይሠራል?» ብዬ ልጠይቃቸው። ጀልባ ሠሪው ቁልፉን ሰጠኝ። ጭንብሌ አልቆ ነበር፤ በጨርቅ አፌን አስሬ ነው የሠራሁት። ጀልባ ሠሪው ሚስቱን ይዞ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነበርና መስኮት የሚከፍትልኝ አልነበረም። ሲመለስ ወለሉ ላይ አገኘኝ፤ ክንፉ ከጎኔ አልቆ ተቀምጧል፣ ጫፉ ብቻ አልደረቀም።

ተቆጣጣሪዎቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የተቀበልኳቸው። እንዳልሽኝ አልጋ ውስጥ ነበርኩ፤ መነሳት ስላልቻልኩ ነው። እንዳልሽኝ በአጭሩ መለስኩ፤ ለረጅም ቃል ትንፋሽ ስላልነበረኝ ነው። እንዲያውም አንዱ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ «ቡድኑ በአግባቡ ይይዝሃል?» አለኝ። «እህቴ እዚያ ናት» አልኩት። «እንኳን! ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው» ብሎ ጻፈ።

ሐኪማቸው ደረቴን አዳመጠ፤ ከዚያ የእኔውን ሐኪም በር ላይ ጠርቶ በሹክሹክታ አወሩ። የእኔው ማታ ተመልሶ መጥቶ ነገረኝ። ከእንግዲህ ሙጫ ያለበት ቤት ደጃፍ እንኳ መድረስ የለብኝም። በጭንብልም፣ በአየር ማውጫም፣ በምንም። አንድ ሳምንት ብሠራ ይገድለኛል። ይሄ ክትትል አይደለም፣ እትዬ፤ ይሄ ፍርድ ነው። እጄ ግን ምንም አልሆነም። ጨርቁን አጣጥፎ ማንጠፍ አሁንም ያውቃል፤ አንሶላዬን ሲያነጥፍ ያድራል።

አክስታችን ሐኪሙን ሸኝታ ተመልሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምላሷን ጠበቅኩ። አንድ ቃል አልወጣትም። ያንን ፈራሁት።

እና ለእኔ ስትል ዋሸህ ብለሽ አታመስግኚኝ። አልዋሸሁልሽም። መዋሸት አላስፈለገኝም። እንደ ምኞትሽ የምር በሽተኛ ሆኛለሁ፤ ከእንግዲህ በምንም ዓይነት ጣሪያ አልቆጠርም።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድሜ፤

ደብዳቤህን በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት፤ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ። ሦስት ጊዜ ልጽፍልህ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይቅር በለኝ ብዬ ብጽፍ አንተ ላይ ሌላ ሸክም ነው፤ ባልጽፈው ደግሞ እኔ ላይ። ስለዚህ ትቼው ወሬ ልንገርህ፤ ሌላ የሚያገናኘን ነገር አልቀረንምና።

ዋንጫውን ወሰድን። አላየኸውም እንደሆነ፣ መጨረሻው ላይ ጥርሶና የጅራቱ ቡድን ልጅ መስመሩን ጎን ለጎን ነው ያለፉት። ሰሌዳው እስኪናገር ድረስ ሕዝቡ ማን እንዳሸነፈ አላወቀም፤ አንዱ ወገን በደስታ፣ ሌላው በድንጋጤ ሳይሆን፣ ሁሉም አንድ ላይ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ወፍራሙ ሰውዬ መጥቶ ጨበጠኝ፤ ስለ አንተ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ጣሪያው ተናገረ። «እንዲህ የተቀራረበ ዘመን ታይቶ አይታወቅም፤ ለዚህ የበቃነው ሁላችንም በልክ መኖር ስለተማርን ነው» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እውነቱን ነዋ።

ክሱም ወደቀ። የተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት ወጥቷል፤ በውስጡ እኛን ያመሰገኑበት አንድ አንቀጽ አለ። «የታመሙ ሠራተኞቹን በመንከባከብ ረገድ ለሌሎች ቡድኖች ምሳሌ የሚሆን» ይላል። የአንተን ክፍል ነው ያዩት። አለቃችን ያንን ገጽ ክፈፍ አስገብቶ የመግቢያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ጠዋት ጠዋት በሥሩ ነው የማልፈው።

ለሐኪምህ ጽፌ ከእንግዲህ መሥራት አይችልም የሚለውን ዋናውን ወረቀት አስልኬያለሁ። አሁን ማንም ምንም አይልም፤ ደመወዝህ እስከ ጡረታህ ነው። የምትፈልገው መድኃኒት ካለ፣ ሞቅ ያለ ልብስ፣ ማንበቢያ፣ ምንም ይሁን፣ ጻፍልኝ። በስልክም ቢሆን ጻፍ፤ ከእንግዲህ የምንደብቀው የለም።

ትናንት አለቃችን ስለ መጪው ዓመት አስጠራኝ። ጣሪያው በትንሹ ዝቅ ይላል፤ ከሌሎቹ ጋር ያለን ልዩነት ግን ፀጉር ያህል ነው፤ አንድ ጥሩ ባለሙያ መጨመር አለብን። ወንበሩን አስጠግቶ፣ እንደ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሠራተኞቹ ውስጥ የሚያስል ማን አለ?» አለኝ።

መጀመሪያ አንተን አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አንተን አሰብኩ።

ከዚያ ሁለት ሰው ነገርኩት።

እህትህ